ውሃ የሚጠጣው መብራት

ባለፈው ሳምንት ናቲ የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግቢዬ ውስጥ ሲቆፍር ዶማው ብረት መታ። የልጅ ልጄ ከእኔ ቤት ጎን የምታሠራው ቤት ጣሪያው ለብሷል፣ ሽቦውም በግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል፤ የቀረው ናቲ "አርዝ" የሚለው ነገር ብቻ ነበር። ረጅም ብረት መሬት ውስጥ ይቀበርና ከቤቱ ሽቦ ጋር ይያያዛል። ናቲ ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ አውቶቡስ ቀያይሮ ነው ሰበታ የሚደርሰው፤ ሲደርስ ቀኑ ስለሚጋመስበት ሥራውን በሩጫ ነው የሚሠራው። "እማማ፣ እዚህ ጋ ቧንቧ አለ እንዴ?" ብሎ ጮኸ። የለም አልኩት። ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ ስል የረጠበ ዝገትና የጥቁር አፈር ሽታ አንድ ላይ ወጣ። ከአፈሩ ውስጥ ወፍራም፣ እንደ ባህር ዛፍ ቅርፊት የሚላጥ የብረት ራስ ብቅ ብሏል።

"አውቀዋለሁ፤ የፈረስ ማሰሪያ ነው" አልኩት።

"እዚህ ፈረስ ነበር?"

ፈረስ ነበር። ያኔ ሰበታ ማለት የጅማ መንገድ ግራና ቀኝ ማለት ነው። ዛሬ ባጃጆች ተራ የሚጠብቁበት ማዕዘን የገበያ ቀን በፈረስና በበቅሎ ይሞላ ነበር፤ ባንኩ ያለበት ቦታ ላይ ጨው፣ ላምባና ክብሪት የሚሸጥ ሱቅ ነበር። አንድ ብርሌ ጠጅ በስሙኒ ይጠጣል፤ በሽልንግ አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ይገባል። የከተማ ልጅ መባል የፈለገ ጎረምሳ ቴርጋል ሱሪ ያሰፋል፤ እኛ ሴቶቹ ናይለን ሻሽ እናስራለን፤ የእኔ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ነበር። የባትሪ ራዲዮ ያለው ባለሱቅ ደጃፍ ላይ ሰው ዘፈን ለመስማት ይቆማል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክምና ሰው ይበተናል። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ በጃንሆይ ጊዜ ከማለት አላልፍም፤ የሻሼን ቀለም ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

እናቴ ወይዘሮ አጸደ ከሰሜን ባሏን ተከትላ መጥታ፣ እሱ ሲሞትባት እዚሁ ቀርታ ጠጅ ቤት የከፈተች ሴት ነበረች። የጭቃው ግድግዳ አቧራ እንዳያራግፍ በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ ለጥፋበታለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከአንድ ቄስ ዘንድ ሲሆን፣ ንባብ የተማርኩት ግን ከዚያ ግድግዳ ነው። እናቴ ማንበብ ስለማትችል አንዳንዱን ጋዜጣ ገልብጣ ነበር የለጠፈችው፤ እኔም ገልብጬ ማንበብ ለመድኩ። ያየሁትን ሁሉ ቤት አስመታዋለሁ፤ የጠጪውን ሳል፣ የጋኑን ክዳን፣ የአውቶቡሱን ጥሩምባ። እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም ነበር፤ እናቴ "አንቺ ልጅ፣ ጉንዳን ላይ ነው የቆምሽው?" ትለኝ ነበር። ከጋኖቹ ጀርባ ባለው ጨለማ ጥግ ላይ ግን የማላነበው ጽሑፍ ነበር። አንዲት ሴት ከቤቷ ጠፍታ የምትሄድበት ተከታታይ ታሪክ ነው፤ መጀመሪያው በሩ አጠገብ ተለጥፏል፤ መጨረሻው ጨለማው ውስጥ ነው። ኩራዝ ይዤ እንዳልጠጋ እናቴ ጋዜጣው እሳት ይይዛል ብላ ትከለክለኛለች። ስለዚህ ሌላው ሰው መብራት የሚመኘው ለሌላ ነገር ሲሆን፣ እኔ ግን ያቺ ሴት የት እንደደረሰች ለማወቅ ነበር።

ገመቹን ያወቅሁት በዚያ ግድግዳ ምክንያት ነው። አባቱ ኦቦ ዲንሳ ወደ ተፍኪ በኩል የሚያርሱ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ፣ ጠጅ ቤት ግን የማይገቡ ሰው ነበሩ። እሱ አዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርት እየተማረ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣና ከቤታችን ቁልቁል ያለውን የወፍጮ ቤት ሞተር ያያል። አንድ ቀን ምሳ ሊበላ ገብቶ አንገቴን አጣምሜ ስቆም አየኝ።

"አንገትሽን ምን ሆንሽ?"

"እኔ ምንም አልሆንኩ። ጋዜጣው ነው የተዘቀዘቀው።"

መጥቶ አጠገቤ ቆመና እሱም አንገቱን አጣመመ። ከዚያ በኋላ ምሳውን የሚበላው ሁልጊዜ እኛ ቤት ሆነ።

መብራት የማስገባቱን ነገር ያነሳው እሱ ነው። የወፍጮው ሞተር ዲናሞ ስላለው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አምፖል ይበራ ነበር። ባለቤቱ ማታ ማታ የሚቀመጠው እኛ ቤት ስለሆነ አንድ አምፖል ብቻ እንድንወስድ ፈቀደ። ገመቹ መርካቶ ቁርጥራጭ ብረት ከሚሸጡት ሰዎች አንድ ጥቅል የመዳብ ሽቦ ገዝቶ መጣ። የባህር ዛፍ ግንዶች ተከለ፤ በየግንዱ ራስ ላይ የተሰበረ የጠርሙስ አንገት እየሰካ ሽቦውን በዚያ ላይ አሳረፈው። ቤታችን ጣሪያ ላይ ሲደርስ ሽቦው አለቀ። እኔ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ጣሪያው ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያክካል። "ይሄ መሄጃው ነው፤ መመለሻው የለም" አለኝ። የኤሌክትሪክ ነገር ሄዶ ካልተመለሰ እንደማይሠራ የዚያን ቀን ነው የሰማሁት።

ለመመለሻ ከአንድ ግቢ የተጣለ የአጥር ሽቦ ለምኖ አመጣ። የዛገ ብረት ነው፤ ቁራጭ ከቁራጭ እየቋጠረ ዘረጋው። አምፖሉ ውስጥ ያለችው ክር እንደ ትርኳሽ ፍም ቀላች እንጂ አልበራችም። ያኔ ነው እንግሊዝኛ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ቃል በአማርኛ "እምቢታ" ብሎ የተረጎመልኝ። እያንዳንዱ ነገር የራሱ እምቢታ አለው አለ። መዳብ እምቢታው ትንሽ ነው፤ ዝም ብሎ ያሳልፋል። ብረት ከዚያ ይበልጣል፤ ሲዝግና ሲቋጠር ደግሞ ይብሳል። ሽቦ ሲረዝም እምቢታው ይበዛል፤ ሲወፍር ይቀንሳል። ጠርሙስና ጎማ ጭራሽ አያሳልፉም፤ ለዚህ ነው ሽቦውን በጠርሙስ አንገት ላይ ያሳረፍኩት አለ። "አምፖሉ ውስጥ ያለችውስ ክር?" አልኩት። "እሷም እምቢ ባይ ናት። መዳቡ ውስጥ ዝም ብሎ የሚያልፈው እሷ ጋ ሲደርስ በግድ ነው የሚያልፈው፤ በግድ ሲያልፍ ያግላታል፤ ስትግል ታበራለች።" ይህን ነገር ስንት ጊዜ በልቤ እንዳመላለስኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ብርሃኑን የሚሰጠው ዝም ብሎ ያሳለፈው ሳይሆን እምቢ ያለው ነው። ለሀያ ዓመት ኮረዳ እንዲህ ያለ ነገር ነግረዋት ሌሊቱን እንቅልፍ ይወስዳታል ብላችሁ አታስቡ።

በመጨረሻ ገመቹ መሬቱን ራሱን መመለሻ ላድርገው አለ። ደጃችን ላይ እናቴ የጠጪዎቹን ፈረስ የምታሳስርበት ብረት ነበር፤ ጣልያን ጥሎት ከሄደ ካሚዮን የወጣ ወፍራም ዘንግ ነው፤ ፈረስ እንዳይነቅለው ጠልቆ ተቀብሯል። ከአምፖሉ የሚወጣውን ሽቦ ከዚያ ብረት ጋር አሰረው፤ ወፍጮ ቤቱም ጋ እንዲሁ ሌላ ብረት ቀበረ። ወሩ ነሐሴ ስለነበር አፈሩ ውሃ ጠግቧል። ሞተሩ ሲነሳ ቤታችን በራ። እናቴ እልል አለችና ወዲያው ደንግጣ አፏን ያዘች፤ ከጠጪዎቹ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ጋኖቹ ጀርባ ነው። ያቺ ሴት ወንዝ ዳር ደርሳ ቆማለች፤ ከዚያ በታች በደማቁ "ይቀጥላል" ይላል። የቀጠለው ጋዜጣ የማን ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የዚያን ሰሞን በከሰል ጋዜጣው ዳር ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፦

ጨለማው ቤታችን መብራት ቢገባበት፣
ግድግዳው ላይ ያለው ወሬ ተነበበበት።

መብራቱ ማጥፊያ አልነበረውም። ወፍጮው ሲፈጭ ይበራል፣ ሲያቆም ይጠፋል፤ የገበያ ቀን ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ላይ እንደበራ ይውላል። ክረምቱ ሲወጣ ግን እየደበዘዘ መጣ። ጥቁሩ አፈር ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ አምፖሉም አብሮ ይፈዛል። እናቴ ሰው ዓይን አስገባብን አለች። ገመቹ ግን "አፈሩ ደርቆ እምቢ እያለ ነው፤ አጠጡት" አለ። ከዚያ ወዲያ የብርሌ እጣቢ የሚደፋው በብረቱ ሥር ሆነ። በእርግጥም አንድ ባልዲ በተደፋ ቁጥር አምፖሉ ይደምቃል። ጠጪዎቹ ይህን ሲያዩ ጨዋታ አደረጉት። "አጸደ፣ መብራቱ ጠማው!" ይላሉ። "ለእኔም ቅጂልኝ፣ ለእሱም ቅጂለት!" እናቴም "እሱ እንዳንተ በዱቤ አይጠጣም" ትላቸዋለች። ባለፈው ሳምንት ለናቲ ይህን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። "እማማ፣ ያ እኮ ሰው ይገድል ነበር" አለኝ። ያን ጊዜ ግን ማናችንም አላወቅንም፤ ገመቹ ራሱ ገና ግማሹን ነበር የተማረው።

ኦቦ ዲንሳ፣ ገመቹ ገበያ ያየኝ አስመስሎ ነግሯቸው፣ ለልጃቸው እኔን ሊጠይቁ የመጡት በበጋው መሐል፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አባት ሽማግሌ ይልካል እንጂ ራሱ አይመጣም፤ እሳቸው ግን "የልጄን ነገር በሰው አፍ አልልክም" ብለው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ራሳቸው መጡ። ገመቹ በወጉ መሠረት አዲስ አበባ ቀርቷል። እናቴ መምጣታቸውን በወሬ ወሬ ሰምታ ስለነበር ከማለዳ ጀምሮ ደጁን አስጠርጋለች፤ እንግዶቹ ሲገቡ ቤቱ ደምቆ እንዲጠብቃቸው ብላ በብረቱ ሥር ውሃ በባልዲ በባልዲ አስደፍታለች። ወፍጮው ሥራውን ጀምሯል። አምፖሉ እንደዚያ ቀን በርቶ አያውቅም።

እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። ሽማግሌዎቹ በቅሎዎቻቸውን በጠፍር ብረቱ ላይ አሰሩ። የኦቦ ዲንሳ ፈረስ ዳማ ነው፤ ጠፍር እያኘከ ስለሚበጥስ የሚታሰረው በሰንሰለት ነበር፤ የሰንሰለቱ አንድ ጫፍ ከልጓሙ ብረት ጋር ይገናኛል። ኦቦ ዲንሳ ሌላውን ጫፍ ብረቱ ላይ ጠምጥመው ዘወር እንዳሉ "አካም ቡልታን" ብለው ለእናቴ ሰላምታ ጀመሩ። ሰላምታው ሳያልቅ ፈረሱ በኋላ እግሩ ቆመ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከፈረስ ሰምቼ አላውቅም። ኦቦ ዲንሳ ሊይዙት ሲሮጡ ጋቢያቸው እግሩ ሥር ገባና ተቀደደ፤ ሰንሰለቱ ተፈትቶ ፈረሱ የጅማን መንገድ ይዞ ጋለበ። በቅሎዎቹ ግን አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል፤ አንዷ ጭራሽ ዓይኗን ጨፍናለች። ያን ጊዜ ሌላው ሰው ሁሉ ፈረሱን ሲያይ እኔ በቅሎዎቹን ነበር የማየው።

ኦቦ ዲንሳ የተቀደደ ጋቢያቸውን አንስተው አራገፉ። ወደ ቤቱ አንድ ጊዜ፣ ወደ ብረቱ አንድ ጊዜ አዩ።

"ይህ ፈረስ ጅብ አይፈራም" አሉ። "እዚህ ቤት ያየው ነገር አለ። ወይዘሮ አጸደ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። አልመጣንም፣ አልጠየቅንም።"

እናቴ በሩን ይዛ ቀረች። በዚያው ሳምንት ወሬው ከወፍጮ ቤት እስከ ገበያ ደረሰ፦ አጸደ ቤት ውስጥ ሰው የማያየው፣ ፈረስ የሚያየው ነገር አለ። መብራቱም ውሃ የሚጠጣው ለዚህ ነው ተባለ። ትናንት በመብራቱ ጥም የሳቁት ሰዎች ፈረሳቸውን ከመንገዱ ማዶ ማሰር ጀመሩ፤ ቀጥለውም ራሳቸው ከመንገዱ ማዶ ካለው ጠጅ ቤት ተቀመጡ። እናቴ ካህን አስመጥታ ቤቱን በጠበል አስረጨች፤ ጠበሉ ብረቱም ሥር ደረሰና አምፖሉ ደመቀ፤ ይህን ያዩ ሁለት ሴቶች አማትበው ወጡ። እኔ አላለቀስኩም፤ ግን ጉንዳኑ ሁሉ ከእግሬ ሥር የጠፋ ይመስል አንድ ቦታ ቆሜ መዋል ጀመርኩ። ገመቹን ማግባት እፈልግ ነበር። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለራሴም ጮክ ብዬ የነገርኩት በዚያ ሳምንት ነው።

ገመቹ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጣ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ጠብቄ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። ፈረሱ በሰንሰለት፣ በቅሎዎቹ በጠፍር። መሬቱ ርጥብ። እሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"ሰንሰለቱ ብረት ነው" አለ። "ልጓሙ ብረት ነው፤ የፈረሱ አፍ ርጥብ ነው፤ ጫማው ብረት፣ የቆመበት ደግሞ ጭቃ። ውሃው ባልደረሰበት በሥሩ ደረቅ አፈር ብቻ ከማለፍ በፈረሱም ማለፍ ቀሎት ነው። ጠፍር ደረቅ ቆዳ ስለሆነ አላሳለፈም።" ቀጥሎ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "የአባቴን ፈረስ የመታሁት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ንገራቸው።"

"ምን ብዬ? ሽቦውን የሰቀልኩት ባለፈው ክረምት ነው። ሽማግሌ ሳይልኩ ከእናትሽ ቤት እገባ እወጣ ነበር ማለት ነው። አባቴ ይህን ከሚሰማ ፈረሱ ጋኔን አየ ቢባል ይሻለዋል።"

"ለእሳቸው ይሻላቸው ይሆናል። እናቴ ግን ባዶ ቤት ነው ያላት። ካልነገርካቸው ነገ ተፍኪ ድረስ በእግሬ ሄጄ እኔው እነግራቸዋለሁ።"

ቀና ብሎ አየኝ። የምሬን እንደሆነ ገብቶታል። በዚያው ቀን ሄደ።

ኦቦ ዲንሳ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዳማውን እየጎተቱ መጡ፤ ገመቹ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ይከተላል። ሰው ከመንገዱ ማዶ ብርሌውን እንደያዘ ወጣ። ኦቦ ዲንሳ ደጃችን ላይ ቆመው እናቴን አስጠሩ።

"ሽማግሌ ሳልልክ ልጄ እዚህ ቤት ገብቷል አሉኝ" አሏት።

"ቤት አልገባም ኦቦ ዲንሳ" አለች እናቴ። "ጣሪያ ላይ ነበር።"

"ጣሪያ ቤት አይደለም?"

"ዝናብ የሚመታውን ቤት አይሉትም።"

ሰው ሳቀ። ኦቦ ዲንሳ አልሳቁም፤ ግን አልተቆጡም። "ልጄ ጋኔን የለም፣ እኔ ነኝ ይላል። እንግዲህ በዓይኔ ልየው። ሁሉም የዚያን ቀን እንደነበረው ይሁን፤ ውሃ ይደፋ" አሉ። ውሃው ተደፋ፤ አምፖሉ ደመቀ። ፈረሱን መጀመሪያ በጠፍር አሰሩት፤ ያለፈውን አስታውሶ ጆሮውን ቢያቆምም ቆሞ ቀረ። ቀጥለው ገመቹን ሽቦውን ከብረቱ እንዲፈታ አዘዙትና ፈረሱን በሰንሰለት አሰሩት፤ አሁንም ቆመ። ሽቦው ተመልሶ ከመታሰሩ በፊት ፈረሱን ከሰንሰለቱ ፈትተው ለልጃቸው ሰጡ። "ዳማ ድርሻውን ወስዷል" አሉና ሽቦው ሲታሰር የሰንሰለቱን ጫፍ ራሳቸው ያዙ።

ምንም አልሆኑም። ጭቃው ላይ ሰንሰለት ይዘው ቆመው ዙሪያውን ያያሉ። ከማዶ አንዱ "ጋኔኑ ኦቦን ፈራ!" አለ። ገመቹ ላብ አጥምቆታል።

"አባ፣ በረባሶው ነው" አለ በዝቅተኛ ድምፅ። "ጎማ አያሳልፍም።"

ኦቦ ዲንሳ የጎማ በረባሷቸውን አውልቀው ጎን ለጎን አስቀመጡና በባዶ እግራቸው ጭቃው ላይ ቆሙ። ሰንሰለቱን እንደነኩ "ዋቃዮ!" ብለው ወደ ኋላ ዘለሉ። ሰንሰለቱ መሬት ወደቀ። ከማዶ የሚስቅ አልነበረም። እሳቸው እጃቸውን ጨብጠው ዘረጉ፣ ጨብጠው ዘረጉ፤ ከዚያ ወደ ፈረሱ ሄደው አንገቱን ደባበሱት። በአፋን ኦሮሞ ቀስ ብለው የሆነ ነገር ነገሩት፤ ይቅርታ የጠየቁት ይመስለኛል።

"ከየት ነው የሚመጣው?" አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው።

"ከወፍጮው፤ በሽቦው።"

"ወዴት ይሄዳል?"

"ወደ ወፍጮው ይመለሳል። በመሬት ውስጥ።"

ኦቦ ዲንሳ ወደ ቁልቁለቱ አዩ። በእኛ ቤትና በወፍጮው መካከል ያለው እርሻ ባለቤቱ አዲስ አበባ የሚኖር፣ ጭሰኞች የሚያርሱት ነበር።

"በዚያ እርሻ ውስጥ?"

"አዎ።"

"ባለመሬቱን አስፈቅደሃል?"

ገመቹ እርሻውን እንደ አዲስ ነገር አየው።

"እኔ ፈረሴን በዚያ እርሻ ዳር ሳሳልፍ ማን ነህ፣ ወዴት ነህ እባላለሁ። የአንተ እሳት ዝም ብሎ መሐሉን ያልፋል።" ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው፤ እዚያ ከቆሙት ብዙዎቹ በሰው መሬት የሚያርሱ ነበሩ። ኦቦ ዲንሳ በረባሷቸውን አጠለቁ። "ወይዘሮ አጸደ፣ ቤትዎ ንጹሕ ነው፤ ይህን ሁሉም ሰው አይቷል። ነውሩ የልጄ ነው። መመለሻ ሽቦ እስኪገዛ መብራቱ ይጥፋ። መመለሻው ሳይኖር ሽማግሌ አልልክም።"

ይህን ብለው ሄዱ። ጠጪዎቹ በዚያው ቀን ብርሌያቸውን እንደያዙ መንገዱን ተሻግረው ተመለሱ፤ እናቴም እንደ ወትሮው ቀዳችላቸው። ሽቦው ከብረቱ ተፈታ። በኩራዝ ብርሃን ተመልሰን ስንቀመጥ ግድግዳው ሁሉ ወደ ኋላ የሸሸ መሰለኝ። ገመቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍጮ ቤት ይመጣል፤ እኛ ዘንድ አይደርስም፤ አባቱ ከልክለውታል። ሽቦ ለመግዛት እየሠራ እንደሆነ ሰማሁ፤ ቀጥሎም ዋጋው ጨመረ የሚል ወሬ መጣ። ጾሙ ገባ። ለሌላ ሰው የሚጠይቅ ሽማግሌ በዚያ መሐል ቢመጣ እናቴ ምን እንደምትል አላውቅም ነበር፤ እሷም ለመጠየቅ ፊት አልሰጠችኝም። በዚያ ሰሞን የጻፍኩትን ለእሱ አላሳየሁትም፤ ከሞተም በኋላ ነው ከወረቀቶቼ መካከል ያገኘሁት፦

በሽቦ ላክህና በምድር መለስኩልህ፣
በእግር የመጣኸው ምን መንገድ ላውጣልህ።

ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ መጡ። ኦቦ ዲንሳ ዳማውን በዚያው ሰንሰለት፣ በዚያው ብረት ላይ አሰሩት። የሚያይ ሁሉ እንዲያይ አድርገው ነው ያሰሩት። እናቴ እንደ ወጉ መጀመሪያ እምቢ አለች፤ ቀጥላ ላስብበት አለች፤ በመጨረሻ እሺ አለች። ሽቦውን ግን ማንም አላነሳም። እኔም ኦቦ ዲንሳ ረስተውት ወይም ትተውት ነው ብዬ፣ ባል አገኘሁ መብራቱ ቀረ ብዬ ልቤን አሳረፍኩ።

የጥሎሹ ቀን ሳጥኑ ተከፈተ። የሙሽራው ሰዎች አንድ በአንድ እያወጡ ያሳያሉ፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። የሐበሻ ቀሚስ ወጣ፤ ተረከዙ ቀጭን የሆነ ጫማ ወጣ፤ ጃንጥላ ወጣ፤ የአንገት ወርቅ ወጣ፤ አክስቴ ወርቁን በጥርሷ ልትሞክረው ስትል እናቴ ክንዷን ቆነጠጠቻት። ሳጥኑ ባዶ መስሎ ነበር። ኦቦ ዲንሳ ከተቀመጡበት ተነስተው እጃቸውን ከታች ሰደዱና በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ቀይ የሚያብረቀርቅ አንድ ጥቅል የመዳብ ሽቦ አወጡ። እልልታው መሐል ላይ ቆመ። አክስቴ ጠጋ ብላ አየችው።

"ይሄስ ለአንገት ነው ለእጅ?"

"የሄደ የሚመለስበት ነው" አሉ ኦቦ ዲንሳ፤ ደግሞም "የማንም መሬት ሳይረግጥ" ጨመሩበት። ገመቹ እንደማላየው ሆኖ ያየኛል። እኔ ሙሽራ ነኝና ዓይኔን መስበር ነበረብኝ፤ ግን ሳቄ አመለጠኝ፤ አክስቴ እስክትሞት ድረስ "በሽቦ የሳቀች ሙሽራ" ስትለኝ ኖራለች።

ሁለተኛው ሽቦ የተሰቀለው ከሠርጉ በፊት ነው። ብረቱም ተመልሶ የፈረስ ማሰሪያ ብቻ ሆነ። በኋላ ፈረሱም ጠጅ ቤቱም ቀሩ፤ መብራት ኃይል የራሱን ምሰሶ ይዞ መጣ፤ እርሻው የማን እንደሆነ ስንት ጊዜ ተለዋወጠ፤ አሁን ፎቅ ቆሞበታል። ኦቦ ዲንሳ ካለፉ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ገመቹም ካለፈ ቆይቷል። አፈሩ ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ብረቱን ዋጠው፤ እኔም ረስቼው በላዩ ላይ ጎመን ተክዬ ነበር።

ናቲ ይህን ሁሉ ዶማውን ተደግፎ ሰማኝ፤ ሰዓቱንም አላየም። ከዚያ ብረቱን በብሩሽ ፈግፍጎ መልኩ እስኪወጣ አጸዳውና "እማማ፣ ለምን አዲስ እቀብራለሁ? ይሄ ከእኔው ብረት ጠልቆ ነው ያለው፤ ይበቃል" አለ። ከአዲሱ ቤት የመጣውን ሽቦ በብሎን አጥብቆ አሰረበት።

"አሁን ሥራው ምንድን ነው?" አልኩት።

"ምንም። ነገር ካልተበላሸ ምንም አይሄድበትም። ከተበላሸ ግን ሰው ላይ ከሚወጣ በዚህ ይወርዳል።" ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። "በጋ ሲሆን ግን ውሃ ያፍሱበት፤ አፈሩ ከደረቀ እምቢ ይላል።"

ቃሉን ያወጣው ከራሱ ነው፤ በነገርኩት ውስጥ እምቢታ የሚለውን አላነሳሁለትም ነበር። ወደ ቤት ገብቼ ውሃ በጆግ ይዤ ወጣሁና ብረቱ ሥር አፈሰስኩት። ጥቁሩ አፈር ድምፅ እያሰማ ጠጣው። ናቲ ለሙከራ ያበራው አምፖል አዲሱ ቤት ውስጥ በርቷል። ከልማድ ቀና ብዬ አየሁት። አልደመቀም፤ ሁለት ሽቦ አለው።